ሦስቴ መርገጥ

የፍሬን ዘይት ሲሸተኝ ከሁሉ በፊት የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ለየት ያለ ሽታ አለው፤ ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮ ላይ የሚመር፣ እጅ ከነካ በሳሙናም ቶሎ የማይለቅ። ባለፈው ቅዳሜ በምኖርባት በአኖ ከተማ መኪናዬን የሚሠራልኝ መካኒክ የጠርሙሱን ክዳን ሲከፍት ሽው አለኝና፣ ሰውየውን ምንም ሳያደርገኝ በክፉ ዓይን አየሁት። ኧረ አድርጎኛል! ለሦስተኛ ቅዳሜ ጎማዋን አውልቆ፣ ድንጋይ ላይ አቁሞ፣ «ዛሬ ታልቃለች» እያለ አስቀምጦኛል። ነቀምቴ ብቻውን የሚኖረው አባቴ ጆሮው እየከበደ መጥቷል፤ «ልጆቹን ይዘሻቸው ነይ፣ በስልክ አልሰማቸውም» ብሎ በደወለ ቁጥር እኔም በተራዬ «መኪናዋ ስታልቅ እመጣለሁ» እላለሁ። መካኒኩ ከጎማው ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ «እህቴ፣ እስኪ ግቢና ፍሬኑን ርገጪልኝ» አለኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፤ ገብቼ ስረግጥ ግን ቀኝ እግሬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እግር ሆነብኝ።

ያደግነው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ነው። እናቴ ጫልቱ የዚያው ሰፈር ልጅ ነበረች፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርምና የመዘምራን ልብስ ትሰፋ ነበር። አባቴ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ፣ እዚያው በቆሎ ማሳ መሃል ያደገ ሰው ሲሆን፣ በአንዲት ነጭ ፒክአፕ የአንገር ጉቲንን በቆሎና ሰሊጥ ወደ ነቀምቴ ያመላልስ ነበር። ቤት ውስጥ እናቴ በኦሮምኛ ትቆጣለች፣ አባቴ በወሎ አማርኛ ያባብላል፣ እኛ ልጆች በሁለቱም እናለቅስ ነበር። እኔ ሲፈን ስለምባል እናቴ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «አባ ሲፈን»፣ የሲፈን አባት ነበር የምትለው፣ ስትወደውም ስትቆጣውም።

የአባቴን መምጣት የሚነግረን የመኪናው ጥሩንባ ሳይሆን የፍሬኑ ሲጢጥታ ነበር። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ብረት ብረትን ሲፍቅ ይሰማል፣ እናቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ ታዳምጣለች፣ ድምፁ ሦስቴ ተሰምቶ ሞተሩ በራችን ላይ ዝም ሲል «ገባ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የዚያች ፒክአፕ ፍሬን አንዴ ቢረግጡት አይይዝም ነበር። የመጀመሪያው ርግጫ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ ሁለተኛው ትንሽ ይገታታል፣ የምትቆመው በሦስተኛው ነው። አባቴ ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም፤ አመሏን ካወቁላት ጥሩ ልጅ ናት ይል ነበር። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ማድረግ ከደሙ ጋር ተዋሕዶ፣ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሐሳብ ሲገባው እንኳ ቀኝ እግሩ ወለሉን ሦስቴ ይረግጥ ነበር።

እናቴ ግን የመኪናዋን አመል የምታውቀው በሌላ በኩል ነበር። ሰባት ዓመቴ ላይ፣ እናቴ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ሳለ፣ ሦስታችን ወደ አንገር ጉቲን ስንወርድ ፍሬኗ ቁልቁለቱ መሃል ላይ በሦስተኛውም በአራተኛውም ርግጫ እምቢ አለ። አባቴ ማርሽ እየቀነሰ፣ መሪውን ወደ ተራራው አዙሮ፣ የመኪናዋን ጎን ከአፈሩ ጋር እያፋተገ አቆማት። ማንም አልተጎዳም። እናቴ ወርዳ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ወደ ላይ የሚወጣ የጭነት መኪና አስቁማ እኔን ይዛ ተመለሰች። ቤት ስትደርስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ የፍሬኑ ሸራ፣ ሸራው የሚይዘው ዲስክና ዘይቱ፣ ሦስቱም አዲስ ካልሆኑ እሷም ልጆቿም እዚያች መኪና ላይ አይወጡም። የሰማ ሁሉ ሳምንት የማይቆይ ቁጣ መስሎት ነበር።

ሁለት ዓመት ቆየ። አንገር ጉቲን ያለው አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ጉልበቱ ስለማይታዘዘው ወደ ነቀምቴ መምጣት አይችልም፤ ዓይኑ ላይ ደግሞ ሞራ እየወጣበት ነበር፤ ሐኪም ቤት ሲባል «ዓይኔን ቢላ አይነካውም» ብሎ ይደመድማል። ወንድሜን ከተወለደ ጀምሮ አላየውም። አባቴ ከዚያ በተመለሰ ቁጥር ይዞት የሚመጣው መልእክት አንድ ነበር፤ «ልጁን ዓይኔ ሳይዘጋ አሳዩኝ»። አባቴ መልእክቱን ያደርሳል፣ እናቴ መኪናህን ሥራ ትላለች፣ አባቴ እሠራለሁ ይላል፣ ሳምንቱ ያልፋል። እኔ በመሃል ተቀምጬ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየሁ፣ ይህ ነገር ለምን እንደማያልቅ ስለማይገባኝ እግሬን ወለሉ ላይ እመታ ነበር።

እናቴ ታዲያ በቅጥቅጥ እንሂድ ያለችበት ጊዜ ነበር። ቅጥቅጦቹ በየቀኑ ሰው አጭቀው፣ ጣሪያቸው ላይ ጆንያ ቆልለው በሰፈራችን ጫፍ ያልፋሉ። አባቴ ድምፁን ሲያጠነክር የሰማሁት በዚህ ነገር ብቻ ነው። የባለ መኪና ሚስት ከዶሮና ከጆንያ ጋር ተጭና አማቷ ደጅ ብትወርድ ሰው ምን ይላል አለ። «ደግሞም አባቴ የሚጠብቀው የመኪናዬን ድምፅ ነው፣ ልጄ ቤተሰቡን ጭኖ መጣልኝ ብሎ ለጎረቤት ማሳየት ነው የሚፈልገው» አለ። የአማት ነገር ስለሆነ እናቴ ሐሳቡን ተወችው፤ እኔም ልጅ ነበርኩና አመንኩት።

በሁለተኛው ዓመት በጋ፣ ኅዳር ገብቶ በቆሎ መሰብሰብ ሲጀምር፣ ፒክአፗን ለአንድ ቀን እንኳ ማቆም የማይታሰብ ነበር። አባቴ ዛሬ ነገ ሲል ታኅሣሥ አለቀና አንድ ሳጥን የፍሬን ሸራ ከአዲስ አበባ መጣ፤ አራት ፍሬ፣ ሁለቱ ለፊት ግራ ጎማ፣ ሁለቱ ለፊት ቀኝ። እናቴ ሳጥኑን ራሷ ከፍታ፣ እንደ ጨርቅ በጣቷ ዳስሳ መልሳ ከደነችው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኤሱማ ገመቹ መጣ። ኤሱማ የእናት ወንድም ነው፤ ገመቹ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ለአባቴ ደግሞ ከወንድም የበለጠ ጓደኛ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ፒክአፕ ገዝተው፣ ሁሉን ነገር ተካፍለው ይኖሩ ነበር፤ ክሪካቸው አንድ፣ መጠባበቂያ ጎማቸው እንኳ አንድ ነበር። ኤሱማ የእሱ ሸራ ተበልቶ ብረቱ ላይ መድረሱን ሲናገር አባቴ ዓይኑን አላሸም፤ ሳጥኑን ከፍቶ ሁለቱን ፍሬ ሰጠው። አንዱ ሙሉ አዲስ ሆኖ ሌላው ባዶ ከሚቀር ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይሁኑ አለ። የእኛ በቀኝ ጎማ፣ የኤሱማ በግራ ጎማ አዲስ ሸራ ገባ። ከዚያ ወዲያ ፍሬን ሲያዝ የእኛ ወደ ቀኝ፣ የእሱ ወደ ግራ ይጎትት ጀመር፤ ሰፈርተኛው ሁለቱ መኪናዎች አንዷ ወዲህ ሌላዋ ወዲያ እያሉ ሲቆሙ እያየ ይስቅ ነበር።

እናቴ አልሳቀችም። በሯ ላይ ቆማ ሥራውን እስኪጨርሱ አየቻቸውና «አባ ሲፈን፣ እኔ አንድ እጅጌ አዲስ፣ አንድ እጅጌ አሮጌ አድርጌ ለማንም ልብስ ሰፍቼ አላውቅም» ብላ ገባች። አባቴ የአሮጌውን ሸራ ውፍረት በጥፍሩ እየለካ ገና አለው፣ ገና እኮ አለው ይላል። በሕይወቴ እንደዚህ ቃል ያስጠላኝ የለም። ሳሙናው ጣት መሃል የሚጠፋ ስንጥር ሆኖ ገና አለው፣ እርሳሴ ከጥፍሬ አጥሮ ገና አለው፣ ጫማዬ አፉን ከፍቶ ገና አለው። ለሁሉም የሚራራው አባቴ ለተበላ ነገር ሁሉ ይራራ ነበር፣ እና በዚህ ርኅራኄው ቤቱን ሁሉ ያስለቅስ ነበር።

መጋቢት ላይ ሌላ ሳጥን መጣ፣ ሙሉው ለእኛ። በቃ፣ ለፋሲካ እንወርዳለን ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ጎማው ሲወልቅ ግን ሁለቱም ዲስኮች ተጫጭረው፣ ጣት የሚገባበት ፈለግ ወጥቶባቸው ተገኙ፤ በዚያ ላይ አዲስ ሸራ ቢገጠም በሳምንት ይበላል። እናቴ አዲስ ዲስክ ይገዛ አለች። አባቴ ገና አለው ብሎ ቶርኖ ቤት ወሰዳቸው፤ ብረት በማሽን ላጥ አድርጎ የሚያስተካክል ሰው ነበር። መብራት ሲመጣ ሰውየው የለም፣ ሰውየው ሲኖር መብራት የለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደርሶ እንደሆነ እንድጠይቅ የተመደብኩት እኔ ነበርኩና፣ ሰውየው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ወዝወዝ ያደርግ ነበር። ፒክአፗ ግቢያችን ውስጥ ያለ ጎማ ተገትራ ከረመች፣ ዶሮዎቻችን ሥሯ እንቁላል መጣል ጀመሩ፣ ፋሲካ አለፈ። ዲስኮቹ ተልጠው ሲመጡ እናቴ አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችውና ይህ ሳህን ነው እንጂ ዲስክ አይደለም ብላ አስቀመጠችው። እውነቷን ነበር፤ በወሩ ሳስቶ ተጣመመና ፍሬን ሲያዝ መሪው የአባቴን እጅ እስከ ክንዱ ያንቀጠቅጠው ጀመር።

ክረምቱ መንገዱን ጭቃ ስላደረገው አባቴ በሳምንት ይሄድ የነበረውን በወር አንዴ ብቻ ይሄድ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከአንገር ጉቲን ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ደፉ ላይ ቆመ። አያቴ በመልኩ እንዳላወቀው፣ በራፉ ላይ ሲያየው ማነህ ብሎ እንደጠየቀው፣ በሳሉ ድምፅ ብቻ አውቆት «ልጄ ነህ እንዴ» እንዳለው ነገረን። ከዚያ ተቀመጠ፤ ቀኝ እግሩ ዝም ብሎ ነበር። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ጭነት ይዞ የሚሄደውን ኤሱማን ጠርቶ፣ የፊትም የኋላም ሸራ፣ ሁለት አዲስ ዲስክ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት ሳትይዝ እንዳትመለስ አለው። ኤሱማ ሁሉንም ይዞ መጣ። ሳጥኖቹን እያየ ራሱን ማከክ ሲጀምር እናቴ መቀሷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ስለነበር፣ ስለ ግማሽ አንድም ቃል ሳይተነፍስ አስረክቦ ሄደ።

መስከረም ጠባና እናቴ ለአያቴ ኮት፣ ለወንድሜ ሙሉ ልብስ ሰፍታ ጨረሰች። ሰኞ ልንሄድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሥራው ተጀመረ። ሸራው ገባ፣ ዲስኩ ገባ፣ እንደ ጥላሸት የጠቆረው አሮጌ ዘይት ወጥቶ አዲሱ ተሞላ፤ የቀረው ከየጎማው መስመር ውስጥ አየሩን ማስወጣት ነበር። ለዚህ ሥራ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ፔዳሉን መርገጥ አለበት፣ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ጀርባዬ ላይ ትራስ ተደርጎልኝ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ከአንዱ ጎማ ሥር «ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ» ይለኛል፣ ተራው የኤሱማ ሲሆን «ዲቢ፣ ቀቢ፣ ዲሲ» ይለኛል፤ ያዢ ሲሉኝ ትንሿን ቡሎን ከፈት ያደርጋሉ፣ ዘይቱ አየሩን እየገፋ ይወጣል፣ ቡሎኑ ሳይዘጋ እግሬን ካነሣሁ ግን አየር ተመልሶ ይገባል። ይህን አባቴ ከመጀመሩ በፊት እግሬን በእጁ ይዞ አስረድቶኛል። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ሦስቱ ጎማ እስኪያልቅ ዘጠኝ ሰዓት ቀረበ። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የልጆች መዝሙር ነበረን፣ አንዱን ስንኝ ብቻዬን የምዘምረው እኔ ነበርኩ፤ እናቴ የሰፋችልኝ ነጭ ልብስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀኝ ነበር። ባቴ ይንቀጠቀጣል። ያዢ፣ ልቀቂ፣ ያዢ፣ ልቀቂ፤ ትዕግሥቴ አለቀ። የመጨረሻው የፊት ግራ ጎማ ላይ ሳለን ጓደኞቼ ነጭ ለብሰው በበራችን ሲያልፉ አየኋቸው፣ አንዷ በእጇ ጠራችኝ፣ እግሬም ተነሣ። ከጎማው በኩል ጥጥጥ የሚል፣ ሕፃን ጡት ሲስብ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ኤሱማ «ቀብዴ?» አለኝ፣ ያዝሽው ወይ ማለቱ ነው። «ኤዬ» አልኩት፣ አዎ ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይሉኝ ለቀቅኩ፣ በየጊዜውም «ኤዬ» አልኩ፤ ቡሎኑ ጠበቀ፣ ጠርሙሱም ባዶ ሆነ።

አባቴ እጁን እየጠረገ ወንበሩ ላይ ወጣና ፔዳሉን ሞከረ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ሦስተኛው ላይ ድንጋይ ሆነች ብሎ ፊቱ በራ፣ ኤሱማም ጎማውን በጥፊ መታ፣ እናቴ ወጥታ በጎማው ክፍተት የሚያብረቀርቀውን አዲስ ዲስክ ጎንበስ ብላ አየችና ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ፈገግታ ፈገግ አለች። የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ መሆኑን ግቢው ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልብሴን ለብሼ ሮጥኩ፤ የዘመርኩትን ዛሬ አላስታውስም። ሁለት ቀን ሙሉ አየሩ በራሱ ይወጣ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ወንድሜን ታቅፋ፣ የአያቴን ኮት ጭኗ ላይ አጥፋ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ እኔ በመሃል፣ ማርሹ አጠገብ፣ የአባቴን እግር ከላይ ወደ ታች እያየሁ። መኪናዋ ከአሁን በኋላ አትጮህም፣ ወደ ቀኝም አትጎትትም። አባቴ ግን ሰው ባለፈ፣ ጋሪ ባቋረጠ ቁጥር ሦስቴ ነው የሚረግጠው። እናቴ አይታው ዛሬም ሦስቴ ነው ወይ ስትለው፣ እግሬ ለምዶበት ነው እንጂ እሷስ ድናለች አለና ሳቀ። ከተማውን ለቀን፣ ሜዳውን አልፈን፣ መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ሊታጠፍ ጥቂት ሲቀረው የእናቴ እጅ የበሩን መያዣ ጨበጠ፤ ከዚያ በታች ከሁለት ዓመት በፊት ወርዳ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችበት ቦታ ነው።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ ርገጠው» አልኩ።

ምን አልሽ አለኝ። ድምፄ በለቅሶ ተቆራርጦ ደገምኩለት። ፊቴን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ከዚያ ገና ሜዳው ላይ ሳለን አንዴ ረግጦ ጠበቀ። እግሩ ወለሉ ድረስ ሰመጠ፣ ፒክአፗም ማንም እንዳልነካት መንገዷን ቀጠለች። ደጋግሞ ረግጦ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ጥግ ላይ አቆማት፤ ወርዶ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገ። እኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጓደኞቼን፣ ልብሱን፣ የሰማሁትን ድምፅ፣ «ኤዬ» ያልኩትን። ጥፊ ጠበቅኩ። አባቴ ግን መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ቀኝ እግሩን ያይ ጀመር። «ልጅቷን አትቆጪያት፣ አንዴ ብቻ ብረግጠው ኖሮ እዚያው ግቢ ውስጥ አውቅ ነበር» አላት እናቴን። እግሩ የአሮጌዋን አመል ለምዶ አዲሷንም በዚያው ልማድ ፈተናት፤ እኔ ዋሸሁ፣ እግሩ ውሸቴን ሸፈነልኝ።

ከዚያ ነገ የሚለው ቃል መጣ። ተመልሼ ዘይት ገዝቼ፣ ገመቹን ይዤ፣ ነገ እንሄዳለን አለ። እናቴ ወንድሜን አዝላ፣ ኮቱን ክንዷ ላይ ጥላ፣ ዕቃችንን አወረደችና መንገዱ መሃል ቆመች። ከነቀምቴ የሚወርድ ቅጥቅጥ ከሩቅ ሲታይ እጇን አነሣች። አባቴ ተነሥቶ በዚህ ልትሄጂ ነው፣ ሰው ያይሻል እኮ አላት።

«ሰው ይየኝ» አለች እናቴ። «ዓይን ያለው ሁሉ ይየኝ። እኔ ዓይኑ ወዳለቀበት ሰው ነው የምሄደው።»

ቅጥቅጡ ውስጥ እውነትም ዶሮ ነበር፣ ጆንያም ነበር። አንዲት ሴትዮ ተጠግታ ቦታ ሰጠችን፣ እናቴን አወቀቻት፣ ስለ ፒክአፗ ግን ምንም አልጠየቀችም፤ ሌላውም ማንም አልጠየቀም። አንገር ጉቲን ወርደን በእግራችን ወደ አያቴ ግቢ ስንገባ፣ ማንጎው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር። ኮቴ ሰምቶ ማነው አለ። እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችና ወንድሜን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። አያቴ የልጁን ፊት በሁለት መዳፉ ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረው፣ አፍንጫ ለአፍንጫ እስኪነካኩ አስጠጋው፣ ብዙ ቆየ። ጥላው ይታየኛል አለ። ከዚያ ጆሮውን፣ ግንባሩን፣ አገጩን በጣቱ ዳሰሰና፣ ጆሮው የአባቱ ነው ብሎ ሳቀ።

«መኪና አልሰማሁም፣ በምን መጣችሁ?» አላት። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ነገረችው፤ ሸራውን፣ ዲስኩን፣ ዘይቱን፣ በቅጥቅጥ እንዳትመጣ የከለከላትን የሰው አፍ፣ ልጅዎ «አባቴ የሚጠብቀው የመኪናዬን ድምፅ ነው» ይለኝ ነበር እያለች። አያቴ እጁን ወንድሜ ራስ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ልጄ» አለ፣ «መኪናውን አሳዩኝ ብዬ ልኬ ነበር እንዴ?»

በቁጣ አልነበረም ያለው፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር። ያን ጊዜ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ያላለቀሰችው እናቴ አለቀሰች። አባቴ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አንዴ ሲረገጥ ቀጥ የምትል መኪና ይዞ ደረሰ፣ አያቴም አዲሱን ኮት እንደለበሰ መጣህ ብሎ ተቀበለው። የተናገረውን ለአባቴ አልደገመለትም፤ እናቴም አልነገረችው። እኔም እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። በሚቀጥለው በጋ ስንወርድ አያቴ ጥላም አይታየውም ነበር።

ያኔ ሸራው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጅ ነበር። አሁን አኖ ውስጥ ሦስት ሱቅ ይሸጠዋል፣ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ነቀምቴም ቅርብ ናት፤ አባቴ ግን ያው ይጠብቃል። ባለፈው ቅዳሜ መካኒኩ ያዢ ሲለኝ ባቴ እስኪንቀጠቀጥ ያዝኩ፤ ልቀቂ ብሎኝም አለቀቅኩም፤ ሰውየው ብቅ ብሎ «እህቴ፣ በቃ እኮ» እስኪለኝ ድረስ። ከዚያ አንድ ነገር ስለጎደለ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ትሁን አለ። እናቴ ብትኖር መቀሷን ይዛ በሩ ላይ ትቆምብን ነበር፣ በመካኒኩም በእኔም። ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩለትና ልጆቼን ከቤት ጠርቼ መንገድ ዳር ቆምን። ቅጥቅጡ ሞልቶ ነበር፣ ታናሿን ታቅፌ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ነቀምቴ መግቢያ ላይ አንድ ጋሪ ድንገት ሲያቋርጥ ሾፌሩ ፍሬኑን አንዴ ረገጠውና መኪናው ቀጥ አለ። እኔም ከኋላው፣ ባዶው ወለል ላይ፣ ሦስቴ ረገጥኩ።